መሪው ከከበደ ወዲህ

ዓርብ፣ ጥር 23

ዛሬ ከዱርቤቴ ስንመለስ ጋቢና፣ ከባለቤቴ ከአያሌው ጎን ተቀመጥሁ። የሚኒባሳችን መሪ ከከበደ ሰነበተ። መካኒኩ "የመሪው ፓምፕ ሞቷል፤ አዲስ ግዙ" ብሎ ዋጋውን ሲነግረን ሳናሠራው ነው የወጣነው። ከዚያ ወዲህ አያሌው በክንዱ ጉልበት እየታገለ ይነዳል።

አንዱ ኩርባ ላይ አይሱዙ ከፊታችን ድንገት ብቅ አለ። "ያዢ እንጂ!" ሲለኝ መሪውን አብሬው ጎተትሁ። ለጥቂት ተረፍን፤ እመቤቴ ናት ያተረፈችን። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት "ምነው ልጄ፣ መኪና ነው ወይስ ያልተገራ ወይፈን?" ቢሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አያሌውም ሳቀ። እኔ ግን መሪውን ገና አልለቀቅሁም ነበር።

ቤት ገብተን ምሳ ስንበላ እንደ ልማዱ ሊያጎርሰኝ ጠቅልሎ ዘረጋ። ክንዱ ከመሪው ትግል ዝሎ ጉርሻው አፌ ሳይደርስ ሽሮው ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። ይኸ ሰው ከተጋባን ጀምሮ ፍርፋሪ እንኳ ጥሎብኝ አያውቅም። "አበላሸሁብሽ" ብሎ አቀረቀረ።

"ነገ አንበሳሜ ገበያ ስትሄድ እኔም ጋቢና ተቀምጬ ላግዝህ" አልሁት።

"አንቺ የምትቀመጭበት ላይ እኮ ሰው ይከፍልበታል። ፓምፑን በምን ልንገዛው ነው ታዲያ?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ። ግን ነገ ከፍሎ ከጎኑ ለሚቀመጠው ሰው፣ ኩርባው ላይ መሪ መጎተት እንዳለበት ማን ይነግረዋል?