የሃርፐርን ወሽመጥ ያጸዱት የወይዘሮ ኦዴላ ጆሊ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኦዴላ ጆሊ ከአባታቸው ከአቶ ሊሮይ ፒንደር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮርዴሊያ ባንክስ እ.ኤ.አ. በ1944 በሜሪላንድ፣ በሃርፐር ወሽመጥ ዳርቻ ተወለዱ። አባታቸው ኦይስተር የተባለውን፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖርና የሚበላ የባሕር እንስሳ እያወጡ የሚሸጡ ሰው ስለነበሩ፣ ኦዴላ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ዛጎል በቢላ መፈልቀቅ ያውቁ ነበር።

ትምህርታቸውን እዚሁ ጨርሰው በ1966 ከአቶ ክላይድ ጆሊ ጋር ጋብቻ በመፈጸም ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ጡረታ እስኪወጡም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል፤ እየተንጫጫ ያስቸገራቸው ዛሬ እዚህ አለ፣ ራሱን ያውቃል።

በ1981 የከተማችን ፍሳሽ ወሽመጡን ስለበከለው ከዚያ ኦይስተር ማውጣት ተከለከለ። አባታቸው ጀልባቸውን ሸጠው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ኦዴላም እገዳውን ሳያስነሡ እንደማይተኙ በቀብሩ ላይ ተናገሩ። ሐዘን ያናገራቸው የመሰለን ብዙዎች ነን።

ኦይስተር ሲመገብ ውሃውን ያጣራል። ይህን የሚያውቁት ወይዘሮ ኦዴላ በ1989 ትንንሽ ኦይስተሮች ወሽመጡ ውስጥ ቢበትኑ፣ ሁሉም ጭቃው ውስጥ ሰምጠው አለቁ። በዓመቱ ከየምግብ ቤቱ ባዶ ዛጎል ለምነው፣ በእጅ ጋሪ ገፍተው፣ አዲሶቹ ኦይስተሮች ተጣብቀው የሚያድጉበት መደብ ከጭቃው በላይ ሠሩላቸው። ሽታው ሰፈሩን አስመረረ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ዌንደል፣ «እት ዓለም፣ የማይበላ ነገር የምታረቢው ለማን ብለሽ ነው?» ቢሏቸው፣ «ለውሃው ነዋ! መጀመሪያ እሱ ይጽዳ። አንተ ሆዳም፣ ተራህ ይደርሳል» አሏቸው።

ኦይስተር ቧንቧ እንደማይጠግንም ያውቁ ነበርና፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ሁሉ የፊት ወንበር ይዘው የፍሳሹ ቧንቧ እስኪቀየር አፋቸውን አልዘጉም። ሦስት ከንቲባ መጥቶ ሄደ፤ እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሡም።

ባለፈው ዓመት የጉሮሮ ካንሰር ያዛቸው። በዚህ ኦክቶበር የውሃው ንጽሕና ተረጋግጦ እገዳው ተነሣ። አቶ ዌንደል የመጀመሪያውን ኦይስተር ይዘው አልጋቸው ድረስ ሮጡ፤ እሳቸው ግን ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቷቸው ነበር። አሸተቱትና፣ «ብላልኝ፤ እያየሁህ» አሉ። ወንድማቸው እያለቀሱ በሉ። «በል አሁን ዛጎሉን ወደ ውሃው መልሰው» አሏቸው።

ወይዘሮ ኦዴላ በኖቬምበር 9 ቀን 2019 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ሬኒታን እና ዶርሲን፣ አራት የልጅ ልጆችን እና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚቀርበው ኦይስተር የእሳቸው ነው፤ እንብላላቸው። ዛጎሉን ግን ማንም እንዳይጥል፤ አቶ ዌንደል የእህታቸውን ጋሪ ይዘው በሩ ላይ ይጠብቁናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በንጹሕ ውሃ ዳር ያሳርፍልን።