ለወጨጫ ደን ኡኡ ያሉት የአቶ ቀጄላ ቦጂያ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀጄላ ቦጂያ ከአባታቸው ከአቶ ቦጂያ ሁንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተረፈች በ1905 ዓ.ም. ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ተወለዱ። በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል፤ ከዚያም እንደ አባታቸው እርሻ ያዙ። በ1927 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደጊቱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ጌታቸውንና የሺወርቅን ወልደዋል።

በ1938 ዓ.ም. የመንግሥት ደን ጠባቂ ሆነው ሲቀጠሩ ኮፍያና ፊሽካ ተሰጣቸው። ደኑ በመከለሉ እንጨት ለቅሞ፣ ቀፎ ሰቅሎ የኖረው ሰው ተከለከለ፤ ከልካዩም የገዛ ጎረቤቱ ሆኑ። ሰላምታ የነፈጋቸው ብዙ ነው። እሳቸውም ቢሆኑ በዚያን ጊዜ ደረቅ ነበሩ፤ የአክስታቸውን መጥረቢያ ሳይቀር ቀምተዋል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ደኑ ተቃጠለ። አቶ ቀጄላ ፊሽካቸውን ነፉ፤ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። «የመንግሥት ደን ነው፣ መንግሥት ያጥፋው» ተብሎ ሁሉም ከደጁ ቆሞ አየ። ያን ጊዜ ኮፍያቸውን አውልቀው ቤቱ እንደሚነድበት ሰው ኡኡ አሉ። በአገራችን ኡኡታ ሰምቶ የቀረ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ደራሽ የለውም። ወንዱም ሴቱም እርጥብ ቅጠል ይዞ ወጣ፤ እሳቱም ሳይመሽ ጠፋ።

አመዱ ሳይበርድ የአገር ሽማግሌው ኦቦ ባይሳ፣ «ቀጄላ፣ ዛሬ የመጣነው ላንተ ብለን ነው። ነገስ ለማን ብለን እንምጣ?» አሏቸው። አቶ ቀጄላም ቅዳሜ ቅዳሜ ደረቅ እንጨት እንዲለቀም፣ ቀፎ እንዲሰቀል፣ መንደሩም የራሱን ጠባቂ እንዲመርጥ፣ እርጥብ ዛፍ ግን ማንም እንዳይነካ ቃል ገቡ። ይህን ለመፍቀድ ሥልጣን አልነበራቸውም። አለቆቻቸው ሰምተው ከሥራ አገዷቸው።

ታግደውም ደኑን መዞር አልተዉም፤ እርሻቸውን ጎረቤት በደቦ አረሰላቸው። በተከታዩ በጋ እሳት ዳግም ሲነሳ መንደሩ ፊሽካም ኡኡታም ሳይጠብቅ ወጥቶ አጠፋ። አለቆቹም ይህን አይተው አቶ ቀጄላን ወደ ሥራቸው መለሱ፤ ቃላቸውንም ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ደኑን መንግሥትና መንደሩ አብረው ሲጠብቁ ኖረዋል። የአክስታቸውም መጥረቢያ ተመልሷል።

አቶ ቀጄላ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 7 ቀን 1965 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ዐርፈዋል። ለሬሳ ሣጥናቸው አንድ ጽድ እንዲቆረጥ ሽማግሌዎቹም መሥሪያ ቤቱም ፈቅደው ነበር። ወይዘሮ ደጊቱ ግን፣ «ለሰው የከለከለውን እንዴት ለሱ እቆርጣለሁ?» ብለው እንቢ አሉ። ሣጥናቸው ከሰበታ ገበያ የመጣ ባሕር ዛፍ ነው። ጽዱ እዚያው ቆሟል።

ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። በሞታቸው በጣም አዝነናል። ኡኡ ባሉ ጊዜ ሰው እንደደረሰላቸው፣ ዛሬም የእግዚአብሔር ምሕረት ለነፍሳቸው ይድረስላቸው። አሜን።