ወንድምሽን ፈታሁት

ልጄ አርሴማ፣ የአንኮበሩ ሚካኤል በሄድሽበት ይቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው።

በስልክ እንዳልነግርሽ እንባዬ ይቀድመኛል። ጎረቤቱ ሁሉ «በሱስ የተያዘውን የሰው ልጅ ልትረዳ ባሕር ማዶ ትማራለች፤ ወንድሟስ?» ይለኛል።

ያብስራ ጸበሉን ጥሎ አረቄ ቤት እንዳይሮጥ አስረነው ነበር። «እማዬ፣ አትሰሩት» ስትይኝ ፈታሁት። በዚያው ዕለት ጠፋ። ሰንብቶ ብቻውን መጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ዘርግቶ «እማዬ፣ እሰሪኝ» አለኝ። ፊቱን አጥቤ አስተኛሁት።

ትምህርትሽን ይባርክልሽ። ደራርበሽ ልበሺ። እዚያ የምትረጃው ልጅ እንዲህ ሲልሽ ምን ብለሽ እንደምትመልሺለት ግን ንገሪኝ። እስከዚያው ገመዱን ትራሴ ሥር ደብቄዋለሁ።

እናትሽ እናናየሁ