እጇን እንድታነሳ ተፈቅዶላት አፏን እንዳትከፍት ስለታዘዘችው ልጄ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የስፖርት ድጋፍ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ሲያስረዱን ከዋሉ ጀምሮ ተጨንቄልዎት ነው የሰነበትኩት። እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ።

እኔ ገበያ ዳር ልብስ የምሰፋው ከድጄ ነኝ፣ የሰባተኛ ክፍሏ የሰልሚያ እናት። ልጄ አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ትንተባተባለች። ዳቦ ግዢ ብዬ ስልካት ቃሉ እስኪወጣላት ባለሱቁ ሌላ ሦስት ሰው ያስተናግዳል። ክፍል ውስጥም መልሱን እያወቀችው ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር።

በጥቅምት ወር የስፖርት መምህርቷ ዘነበወርቅ፣ ወልቂጤ ከተማ ለሚደረገው የወዳጅነት መረብ ኳስ ውድድር የሚሆን የድጋፍ ቡድን አቋቋሙ። እንቅስቃሴውን ከስልካቸው እያዩ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ጡጫ ደረት ላይ፣ እጅ ወገብ ላይ እያሉ አስተማሯቸው፤ ግጥሙንም ራሳቸው ገጠሙት። «ማን መጣ፣ እኛ መጣን፤ ከየት መጣን፣ ከቡታጅራ» የሚለውን ልጄ እቤት ስትለማመድ በጭብጨባ ስትለው አንድም ቃል አልተያዘባትም። በር ላይ ቆሜ ስሰማት መቀሱ ከእጄ ወደቀ። መምህርቷም መሪ አስጨፋሪ አደረጓት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አልነበረውም፤ ባለቤቴ ራምዚ እንኳ ከሥራ ሲገባ ጡጫውን ደረቱ ላይ ሳያደርግ አይቀመጥም ነበር። ያን ጩኸት ዛሬ ባገኘሁት።

ክቡርነትዎ የደረሱልን ይኼኔ ነው። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ለአስጨፋሪነት የቃል ፈተና እንደሚያስፈልግ ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። ልጅቷን ጨፍሪ አላሏትም፤ በማይክሮፎን ስሟንና ክፍሏን እንድታስተዋውቅ ነው ያዘዟት። ገና የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ሳለች ሰዓትዎን አይተው ይበቃል አሏት። ሁለት ሰዓት ያወራ ሰው የአንድ ደቂቃን ዋጋ እንዲህ ማወቁ በእውነት አስገርሞኛል።

2ኛ. ሰልሚያ «ለራሷ ክብር ሲባል» በኋላ ረድፍ ቆማ የእጅ እንቅስቃሴውን ብቻ እንድትሠራ፣ ድምፅ ግን እንዳታወጣ ስለወሰኑ፣ ጨርሶም ከቡድኑ ስላላስወጧት ውለታዎ አለብኝ። የልጅ እጅ ተፈልጎ አፏ ሊቀር እንደሚችል በዚህ ዕድሜዬ ከእርስዎ ተማርኩ።

3ኛ. በምትኳ የመረጧት ሩቲ ጥሩ ልጅ ናት፤ በእሷ ቅያሜ የለኝም። ግጥሙን ግን አታውቀውም ነበርና ከትምህርት መልስ ቤታችን እየመጣች ሰልሚያ ስታስጠናት ሰነበተች። መናገር አትችልም ያሏት ልጅ ናት መሪዎን ያሠለጠነችው። ኮሚቴው ሪፖርት ሲጽፍ ይህችን መስመር እንዳይረሳት አደራ እላለሁ።

4ኛው ላይ ቀልዴ አልቆብኛልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ረቡዕ ልምምድ ላይ ሩቲ እርስዎን ፊት ለፊቷ ስታይ ደንግጣ ግጥሙ ጠፋባት፤ ዞራ ልጄን አየቻት። ሌሎቹም ልጆች ልጄን አይዋት። ሰልሚያ ከማንም በላይ የምታውቀውን ግጥም ይዛ፣ ትእዛዝዎን አክብራ፣ ሁለት እጇን ብቻ ወደ ላይ አንስታ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ እቤትም አትናገርም። ምሳ ላቅርብልሽ ወይ ስላት እሺ ለማለት ሁለት እጇን ታነሳለች፣ እምቢ ለማለት ወገቧን ትይዛለች። ትናንት አባቷ ምን ሆነሻል ብሎ ሲጠይቃት ጡጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። መንተባተቧ ከአላህ ነው፣ በእሱ እርስዎን አልከስም፤ ዝም ያሰኟት ግን እርስዎ ነዎት። ከመንተባተቧ ጋር ዐሥራ ሦስት ዓመት በደስታ ኖሬያለሁ፤ ከዝምታዋ ጋር ግን አንድ ሳምንት መኖር አቃተኝ።

5ኛ ብዬ እኔው ስለሰፋሁት የቡድኑ ልብስ ልጽፍ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

ውድድሩ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ወልቂጤ ሜዳ ላይ ድምፅ እንድታወጣ ይፍቀዱላት። ከፊትም ይሁን ከኋላ ትቁም፣ ግድ የለኝም።

ለሰጡን ትምህርት ብድርዎን መመለስ የሚያስችል አቅም ስለሌለኝ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጥዎ ዱዓ እያደረግሁ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ከድጄ ሸምሶ
ልብስ ሰፊ፣ ቡታጅራ

ግልባጭ፦ ለትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳና ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለሰልሚያ አነበብኩላት። ስጨርስ፣ በገዛ አፏ፣ ለእርስዎ የምታነበው ራሷ መሆኗን ነገረችኝ። ይህን ተናግራ እስክትጨርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ሰዓት አላየሁም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዎ እንገኛለን። ደብዳቤው እንደሚያዩት ረጅም ስለሆነ ቁርስዎን በልተው ይጠብቁን።