ያልተኮስኩት ጥይት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዝሃል? የእማማ ወገብ ተሻላት? ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ መጋዙ ሲጮህ ስለሚውል ወሬ የለም፤ ክፍሌ ስገባ ደግሞ የማወራው ሰው የለም። እሑድ የገዛ ድምፄን ሳልሰማ ይመሻል። አንዳንዴ ዝም ከምል ብዬ ማንቆርቆሪያውን “ፈላህ እንዴ?” እለዋለሁ።

ባለፈው ወር አለቃችን “የአደን ወቅት ሊገባ ነው፤ ከእኛ ጋር ትወጣለህ?” አለኝ። እዚህ ከመጣሁ በሁለት ዓመት ውስጥ “ና” ያለኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። ጥሻ ውስጥ ድኩላ መስለኸኝ እግርህን ከመታሁህ ቀን ጀምሮ ጠመንጃ ላልነካ መማሌን ታውቃለህ። አፌ ግን “እሺ” አለ። ብቸኝነት ነው ያናገረኝ፤ አትቀየመኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ የደን ጠባቂ ያሠለጥኑናል፦ ትንፋሽ ዋጥ አድርጎ ማነጣጠር፣ ደረቅ ቅጠል ላይ ኮሽ ሳይሉ መራመድ፣ ሳይነቃነቁ መቀመጥ። በመቀመጡ ማንም አልበለጠኝም፤ ክፍሌ አስተምራኛለች። የመጀመሪያው ቀን ጠመንጃ ሲሰጡኝ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ስቆይ ሌሎቹ አይተው ሳቁ፤ ብርድ ነው አልኳቸው።

ትናንት ተራ በተራ ወደ ደኑ እየገባን ተፈተንን። ቁጥቋጦ መሃል ቡናማ ነገር ብቅ ብሎ ተነቃነቀ። ከእኔ በፊት የገቡት አምስቱም ተኩሰዋል። እኔ ጣቴን ከቃታው ላይ አንስቼ አፈሙዙን ወደ መሬት መለስኩት። ሽማግሌው “ምነው?” አሉኝ። “ምን እንደሆነ አልለየሁትም” አልኳቸው። ሁላችንንም ጠርተው ቁጥቋጦውን ገለጡት። ቡናማ ኮት የለበሰ፣ በሰው ቅርጽ የተቆረጠ ሳንቃ ነው፤ ሦስት ቦታ ተበስቷል። “ይሄን ማን አስተማረህ?” ቢሉኝ “ወንድሜ” አልኩ።

ለአደን የሚወጡት የፊታችን ወር መጀመሪያ ነው። አንተ ሳትፈቅድ አልሄድም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተናገርከኝም፤ ዝምታህ ከወቀሳ ከበደኝ፤ ከቤት የወጣሁትም ለዚሁ ነው። ሂድም በለኝ ቅርም በለኝ፣ ብቻ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ጠመንጃ መያዜን ግን እንዳትነግራት። ለባለቤትህ ለእታለም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት። ያላየሁትን ልጅህን አንገቱ ሥር ሳምልኝና አጎት እንዳለው ንገረው።

ታናሽ ወንድምህ
ከመሰንጠቂያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ መስከረም 9 ቀን