እርስዎ ያልኩህ አሥራ አንድ ቀን

አባዬ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። የምጽፈውን ነገር ስለማውቀው ነው የፈራሁት።

እማዬ ደህና ናት። መፍቻዎችህን ለማንም አልሰጠችም፤ አልጋው ሥር አሉ። የማድ ቤቱ ቧንቧ መንጠባጠብ ጀምሯል። ሰው እንጥራ ስላት "ይቆይ" ትለኛለች። የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ጎረቤት ይስቅብናል፣ እሷ ግን ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈልግም። ከብሎካችን ጀርባ ያለው የመረብ ኳስ ሜዳም እንዳለ ነው። መረቡ በአንድ በኩል ረግቧል፣ ግን እንጫወትበታለን።

የምታሠለጥነንን የሠፈር ልጆች በወር አንዴ እንጦጦ ለሩጫ ስትወስደን ትዝ ይለኛል። ጫልቱ ዳገቱን ከፊት ትበራለች፣ እኔ እከተላታለሁ፣ አንተ ሁልጊዜ ከመጨረሻዋ ጋር ነበርክ፤ ከሰላም ጋር። ሰላም ኳስ ሲመጣባት ዓይኗን የምትጨፍነው ልጅ። "ዛሬ አንዱን ብቻ ጨፍኚ፣ ሌላው ለሳምንት ይቆየን" ትላት ነበር። ጫልቱ አሳምራ ስትመታ ደግሞ "ይህቺማ ያንቺ ናት፣ የምትከብድሽን አሳዪኝ" ትላታለህ። ለእያንዳንዷ የሚሆን ቃል ነበረህ። ለእኔ ብዙ አትለኝም ነበር። ለልጁ ያደላል እንዳይባል፣ ሜዳ ላይ እንደ ሌሎቹ አሰልጣኝ እንድልህ፣ እርስዎ እንድልህ ነገርከኝ። እሺ አልኩ። ደረጃው ሥር ቆመን ጫማችንን ስናራግፍ ግን እንደገና አባዬ ትሆናለህ፣ እንደገና አንተ እልሃለሁ።

ከመሪ ሠፈር ልጆች ጋር የተጋጠምን ዕለት የመጨረሻው ዙር ላይ ነበርን። ሰርቪስ የምመታው እኔ ነበርኩ፤ በተከታታይ ሦስት ነጥብ አስቆጥሬያለሁ። ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ሲቀረን አስወጣኸኝና ሰላምን አስገባህ። ሰላም ዓይኗን ጨፍና መታች። ኳሱ መረቡ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ አልተነሣንም፤ ተሸነፍን።

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠህ "ተቀየምሽኝ እንዴ ቤዚዬ?" አልከኝ። "እርስዎ ያውቃሉ" አልኩህ። ልጆቹ ሳቁ፤ አንተም ሳቅህ። የሜዳው ልማድ አምልጦኝ መስሏችሁ ነበር። ቤት ገብተን "ራትዎ ቀርቧል" ስልህ "እንግዳ አለብን እንዴ?" ብለህ ወደ በሩ ዞረህ አየህ። አልሳቅኩም። ያኔ ገባህ።

አሥራ አንድ ቀን እርስዎ አልኩህ። እማዬ "ተይ አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ባዕድ አታድርጊው" አለችኝ። በአምስተኛው ቀን ንዴቴ በርዶ ነበር፤ ልተወው ፈልጌያለሁ። እንዴት እንደሚተው ግን አላወቅኩም። ድንገት አንተ ብልህ ሁላችሁም ቀና ብላችሁ የምታዩኝ መሰለኝና አፈርኩ። ነገ እለዋለሁ እያልኩ አሳደርኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የዕቃ ቦርሳህን ይዘህ ስትወጣ "ደህና ይዋሉ" አልኩህ። "ደህና ዋይ ልጄ" አልከኝ። ሥራ ላይ ሳለህ ወደቅህ። ሐኪም ቤት ስንደርስ አልጠበቅከንም።

ለቅሶው ላይ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከአሥራ አንዱ ቀን የመጨረሻዎቹን እኛ ጋ ከርማ እርስዎ ስልህ የሰማችው እህትህ ለመጣው ሁሉ "የዘንድሮ ልጅ አባቱን አንተ ይላል፤ ይህቺ ግን እርስዎ እያለች ነው ያደገችው" ትል ነበር። ሴቶቹ "እሰይ፣ ማሳደግ እንዲህ ነው" እያሉ ጉንጬን ሳሙኝ። እኔም ሌላኛውን ጉንጬን ሰጠኋቸው። እስከ ዛሬ አላረምኳትም።

ከአርባህ በኋላ ሰላም ቤት መጣች። ከመሪ ልጆች ጋር በተጋጠምንበት ዕለት ጠዋት ኳስ ልትተው መሆኑን ነግራህ እንደነበር፣ አንተም "ቤዛ ብትወጣ ትመለሳለች፤ አንቺ ዛሬ ካልገባሽ አትመለሺም" እንዳልካት ነገረችኝ። እንግዲህ እኔን ያስወጣኸኝ ስለተማመንክብኝ ነበር። ለእኔም ብትነግረኝ ምን ነበረበት አባዬ? ትንሽ ከፍቶኛል፣ አልዋሽህም። ግን ደግሞ አልጠየቅኩህም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ "ለምን?" ብልህ ትነግረኝ ነበር።

አሁን ትናንሾቹን እኔና ሰላም ነን የምናሠለጥናቸው። እሷ ትጮሃለች፣ እኔ ኳስ አቀብላለሁ። ባለፈው እሑድ ስንጋጠም፣ ሃዊ የምትባለውን ጎበዟን አስወጥቼ፣ እግሯን ስለሚያነክሳት ሁሌ ዳር ቆማ የምታየውን ልጅ አስገባሁ። ሃዊ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያን ጀርባ አውቀዋለሁ። ጨዋታውን ለሰላም ትቼ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ለምን እንዳስወጣኋት ነገርኳት። ሰው ፊት ማውራት እንደምፈራ ታውቃለህ፤ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው የነገርኳት።

"ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አለችኝ።

"ልክ ነሽ፣ ጥፋቴ ነው" አልኳት። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ኩርፊያዋ በዚያው አለቀ። እኔ ግን ቤት እስክገባ አለቀስኩ።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ሁሉም እሳቸው እያለ ያነሣሃል። እህትህም ያንኑ ትደግማለች። በዚያን ጊዜ በሰው መሀል "እኔ አባቴን አንተ ነበር የምለው። እርስዎ ያልኩት ተቀይሜው ነው፣ ሳልታረቀውም ሞተ" እላታለሁ። ያፍሩብኝ።

አንተዬ፣ እስካለሁ ድረስ እንደዚሁ እያልኩ አስታውስሃለሁ። ነፍስህን ይማረው።

ልጅህ ቤዛ