የመብራቱ ማዞሪያ

ጥቅምት 14። የአባባ መኪና የመብራት ማዞሪያ ዛሬም እጃቸው ላይ ቀረ።

ለመሆኑ እንዴት ከረምክ ወንድሜ? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን፤ የአባባ ጉልበት ብቻ እምቢ ብሏል። አውቶቡስ መሳፈር ካቆሙ ሰነበቱ። ያቺ አሮጌ መኪና ከቆመች እሳቸውም ቤት ዋሉ ማለት ነው።

የመኪናዋ የዓመት ምርመራ ዛሬ ያበቃል። ባለፈው ሳምንት መርማሪው መብራት ያብሩ ቢላቸው፣ ማዞሪያውን እንደ ሰበዝ መዘው አወጡት። አባት፣ ይቺ ለእኔ ማስታወሻ ናት ወይ ብሎ ቀለደባቸው። እስከ ዛሬ ካልተሠራ ግን ታርጋውን ይፈታል።

ሳምንቱን ሙሉ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ስንከራተት ሰንብቼ፣ ትናንት የመኪናዋን የራሷን ማዞሪያ ከነማሰሪያ ቪቴው አገኘሁ። ጠዋት ብገጥመው ይዋልላል። ኤሌክትሪሻኑ ማብሪያውን ፈትቶ ዘንጉን አየና፣ ማነው እንዲህ የሞረደው፣ አይጥ እንኳ እንዲህ አይግጥም አለኝ። ማን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ያኔ የድሮው ቪቴ ጠፋብህና የእማዬን ሬዲዮ ማዞሪያ ልትገጥምበት ሞረድከው፤ ወረቀት ጠቀጠቅህበትና ሄድክ። ሰባት ዓመት ወረቀቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

አንተ ደግሞ አባባን በስልክ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አልካቸው! ከዚያ ወዲህ መፍቻ ስይዝ ባዩኝ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። ዛሬም፣ ተወው፣ ያንተ እጅ የነካው መቼ ቀንቶት ያውቃል፣ እሱ ሲመጣ ይሠራዋል አሉኝ። እማዬ፣ እሱ እስኪመጣ ዶሮ ይፈለፈልባታል አለች። ዘንጉን የሞረድከው አንተ መሆንህን አልነገርኳቸውም። አንተው ደውልና በገዛ አፍህ ንገራቸው።

ይህን ቤት ሆኜ የምጽፍልህ ብረት ቀራጩ ባለ ቶርኖ ከምሳ እስኪመለስ ነው። የተፈታውን ማብሪያ ስወስድለት ለዘንጉ በልኩ ቀለበት ያወጣለታል። ምርመራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን ስምንት ተኩል ነው።

ለባለቤትህ አክብሮቴን አድርስልኝ። ትልቋን በትምህርቷ እንዳታላግጥ ምከራት፤ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ የላክኸው ሹራብ ልክ ሆነኝ ብላለች። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ለአንተማ መቼ ይሰስታሉ።

ምን ጉድ ነው! አባባ ሞተር አስነሱ። በመስኮት ስጠይቃቸው፣ ልጄ ሩቅ ነው፣ ሲመጣ ይሠራዋል ብዬ ለመርማሪው ላስረዳ ነው አሉኝ። ማብሪያው እኮ ኪሴ ውስጥ ነው። ከበር ሳይወጡ ልድረስባቸው፤ ወጣሁ።